ጃኬት የጣልንበት ቀዳዳ

መጀመሪያ አንድ ነገር ላይ እንስማማ፡፡ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ ‹‹ግን ማን ነው የቀደደው?›› ብላችሁ እንዳትጠይቁን፡፡ ሦስት ነን፡፡ ሦስታችንም እዚያው ጀልባ ላይ ነበርን፡፡ አንዳችን የካሜራ ማቆሚያውን ይዞ ነበር፡፡ አንዳችን ‹‹ወዲህ አቁመው፣ እዚህ ያምራል›› ብሎ ነበር፡፡ አንዳችን ደግሞ ቀዳዳውን ቀድሞ አይቶ ጃኬቱን የጣለበት ነው፡፡ ከሦስቱ የትኛው ጥፋት እንደሚብስ እስከ ዛሬ ስንከራከር አንድ ቀን እንኳ ተስማምተን አናውቅም፡፡ ስለዚህ ነገሩን አብረን ስንጽፈው የመረጥነው ቃል ‹‹ቀደድነው›› የሚል ነው፡፡ እኛ ነን፡፡

እናላችሁ፣ ጊዜው 2011 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን ነው፡፡ ቦታው ባሕር ዳር፡፡ ከአዲስ አበባ የሄድነው የሦስት ቀን ፈቃድ በስንት ልመና አግኝተን ስለነበር ሦስቱን ቀን እንደ ሦስት ወር ልንኖራት ቆርጠናል፡፡ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሐይቁ ዳር ወርደን አንዲት የሞተር ጀልባ ተኮናተርን፡፡ ጣሪያዋ ሸራ ነው፡፡ ወንበሮቿ ክሬም ቀለም ባለው ‹ሌዘር› የተለበጡ ናቸው፡፡ (‹ሌዘር› እንበለው እንጂ ቆዳ አይደለም፤ ቪኒል ነው፡፡ ምናልባት የቤታችሁን ሶፋ፣ የሚኒባሱን ወንበርና የባጃጁን መቀመጫ ያለበሰው ያው ነው፡፡) ባለቤቱ መሪውን ራሳቸው ይይዛሉ፡፡ ‹ጋሼ› ነው ያልናቸው፣ እዚህም እንደዚያው እንበላቸው፡፡ ገመድ የሚፈታ፣ መልሕቅ የሚያነሳና የሚጥል፣ ጀልባዋን የሚያጥብ አንድ አሥራ ሰባት ዓመት የሚሆነው ረዳት አላቸው፡፡ ወደ ዘጌ አንድ ሰዓት ያህል ተጓዝን፡፡ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን አየን፣ በቡናው ጫካ ውስጥ ተንሸራሸርን፣ ፎቶ ተነሳን፡፡ ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ወይም ፎቶውን አይታችሁታል፡፡ እንለፈው፡፡

የሌባ ጣት ታህላለች

ነገሩ የመጣው ስንመለስ ነው፡፡ ጣና ጠዋት ላይ እንደ መስታወት ተኝቶ ይቆይና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ጠባዩን ይለውጣል፡፡ ጀልባዋ ከፍ ዝቅ ስትል እኛ እንስቃለን፡፡ ማዕበሉን በቪዲዮ ለማስቀረት ብለን የካሜራ ማቆሚያውን ወንበሩ ላይ አቆምነው፡፡ ከሦስቱ እግሮቹ የአንደኛው ጎማ ከወደቀ ቆይቷል፤ የቀረው ባዶ ብረት ነው፡፡ ይህን እናውቅ ነበር፡፡ ‹‹አንድ ቀን ጎማ እናስገባለታለን›› ስንል ስድስት ወር አልፎታል፡፡ ማዕበል መጣ፣ ጀልባዋ ዘመመች፣ ብረቱ ተንሸራተተ፣ ከዚያ ‹‹ጭርርር›› የሚል አጭር ድምፅ ሰማን፡፡

አየናት፡፡ የሌባ ጣት የምታህል ቀዳዳ፡፡ በመሃሏ ቢጫ ስፖንጅ ብቅ ብሎ ያየናል፡፡

ጋሼ ፊት ለፊት እያዩ ነው፡፡ ልጁ ከኋላ ገመድ ይጠቀልላል፡፡ ማንም አላየንም፡፡ እርስ በርስ ተያየን፣ ጃኬት ተጣለባት፡፡ ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ ሦስታችን ሦስት ውሸት ፈጠርን፡፡ ‹‹ትንሽ እኮ ናት››፡፡ ‹‹ድሮም የነበረች ትመስላለች››፡፡ ‹‹ወንበሩ ራሱ አርጅቷል››፡፡ የተማረ ሰው ውሸት ሲፈልግ እንዴት እንደሚፈጥን ያኔ ነው የገባን፡፡

ስንወርድ የተስማማንበትን ሂሳብ ከፈልን፡፡ ለልጁ ደግሞ ሃምሳ ብር ጉርሻ ሰጠነው፡፡ ለእኛ ብዙ ነበረች፡፡ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለንና ‹‹እግዚአብሔር ይስጥልኝ›› አለን፡፡ ጃኬታችንን አንስተን ሄድን፡፡ ማታ ዓሣ በላን፡፡ ስለ ወንበሩ ማንም አላነሳም፡፡

ሻርፕ ፍለጋ

በማግሥቱ ወደ ሐይቁ ዳር የተመለስነው ጸጸት መልሶን አይደለም፡፡ ሻርፕ ረስተን ነው፡፡ ይህንንም አንዋሽም፡፡

ልጁ ከጀልባዋ ሆድ ውስጥ ውሃ እየቀዳ ያፈሳል፡፡ ሻርፑን አጥፎ አስቀምጦልን ነበር፡፡ ያቺ ወንበር ላይ ፌስታል ተዘርግቶ በድንጋይ ተይዟል፡፡ እኛም ምንም እንደማናውቅ ሆነን ‹‹ምን ሆኖ ነው?›› ብለን ጠየቅነው፡፡ (አዎ፣ ጠየቅነው፡፡ ከሁሉም ይህቺን ጥያቄ ስናስታውስ ነው ፊታችን የሚቀላው፡፡)

‹‹ተቀድዶ ተገኘ›› አለን፡፡ ‹‹መልሕቁን ስታነሳ አንተ ነህ ያስነካኸው ተብያለሁ፡፡››

‹‹አንተ ነህ እንዴ?››

ትንሽ አሰበ፡፡ ‹‹እንጃ፡፡ ሳላውቅ ነክቼው ይሆናል፡፡››

ከዚያ በየጉዞው ከሚከፈለው ላይ እየተቆረጠ ወንበሩ እንደሚሠራ ነገረን፡፡ ‹‹ትናንት የሰጣችሁኝን ሃምሳ ብር ቀብድ አድርጌ ሰጥቻቸዋለሁ፡፡››

አንድ አፍታ ሦስታችንም ውሃውን ነው ያየነው፡፡ የሰጠነው ጉርሻ የእኛኑ ዕዳ ሲከፍል አድሯል፡፡ ልጁ ደግሞ ያላደረገውን ነገር ሳላውቅ አድርጌው ይሆናል ብሎ ራሱን መጠርጠር ጀምሯል፡፡ የሌባ ጣት የምታህለዋ ቀዳዳ ከወንበሩ ወጥታ ሰው ውስጥ ገብታለች፡፡

‹‹እኛ ነን›› አልነው፡፡ ምንም አልመለሰም፡፡ ውሃ መቅጃውን አስቀምጦ ወደ ጋሼ ጠቆመን፡፡

ጋሼ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ፡፡ ነገርናቸው፡፡ ብርጭቋቸውን አስቀመጡና ‹‹ትናንት ያን ሁሉ መንገድ አብረን ስንመጣ አፋችሁ የት ነበር?›› አሉን፡፡ መልስ የለንም፡፡ ገንዘብ እንክፈል አልናቸው፡፡ ‹‹ገንዘባችሁን ያዙት፡፡ ወንበሩን ዝጉልኝ፡፡ ነገ ሰው ይዤ እወጣለሁ፣ ገንዘብ ላይ አላስቀምጠው›› አሉ፡፡ ቀጥለው ልጁን ጠሩት፡፡ ከኪሳቸው ሃምሳዋን ብር አውጥተው መለሱለትና ‹‹ይቅር በለኝ ልጄ፣ ሳልጠይቅ ፈረድሁብህ›› አሉት፡፡

ልብ በሉ፡፡ የቀደድነው እኛ ነን፡፡ ቀድመው ይቅርታ የጠየቁት ግን እሳቸው ናቸው፡፡

የአምስት ደቂቃ ጥገና

እንግዲህ እኛ የአዲስ አበባ ልጆች ነን፡፡ ለተሰበረ ስልክም፣ ለተገነጠለ ጫማም፣ ለተነቀለ የጠረጴዛ እግርም መድኃኒታችን አንድ ነው፤ ሱፐር ግሉ፡፡ ከሱቅ ገዝተን መጣን፣ ቀዳዳዋን ጠረግ ጠረግ አደረግን፣ ሁለቱን ከንፈሮቿን ገጠምን፣ ጠብ ጠብ አደረግንባት፡፡ አምስት ደቂቃ አልፈጀም፡፡ ያማረች መስመር ወጣች፡፡ ፎቶም አነሳናት፡፡ ልጁ ዳር ቆሞ ያያል፤ ምንም አላለም፡፡ ጋሼ ‹‹እሽ፣ እናያለን›› አሉ፡፡

በነጋታው ጠዋት አየን፡፡ ጀልባዋ ተሳፋሪ ይዛ ልትወጣ ስትል አንድ ደልደል ያሉ ሰውዬ መጥተው እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ፡፡ ‹‹ቀጭ!›› አለ፡፡ ሰውዬው ደንግጠው ተነሱ፡፡ መስመራችን ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል፡፡ የደረቀው ማጣበቂያ እንደ ብርጭቆ ስባሪ ስለታም ሆኖ ጠርዙ ላይ ቀርቷል፡፡ ቀዳዳዋም በአንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ረዝማለች፡፡

በኋላ እንደገባን ምክንያቱ ቀላል ነው፡፡ ቪኒል ሰው ሲቀመጥበት ይለጠጣል፣ ሲነሳ ይሰበሰባል፡፡ ሱፐር ግሉ ግን ሲደርቅ ድርቅ ይላል፤ አይለጠጥም፣ አይታጠፍም፡፡ ለስላሳ ነገር መሃል ግትር መስመር ስታስገቡበት ለስላሳው ይንቀሳቀሳል፣ ግትሩ እምቢ ይላል፣ አንደኛው መሰንጠቁ አይቀርም፡፡

‹‹እንስፋው›› አልን፡፡ መርፌና ሲባጎ ልንገዛ ስንል ያ ዝምተኛ ልጅ መጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ፡፡ ‹‹በመርፌ ከወጋችሁት ባሰ፡፡ በየቀዳዳው ውሃ ይገባል፡፡›› እውነቱን ነው፡፡ የደረሰኝ ጥራዝ ላይ ለመቅደድ እንዲመች በነጠብጣብ የተበሳውን መስመር ታውቁታላችሁ? ቀጭን ቪኒልን በተርታ በመርፌ መውጋት ማለት ያንን መስመር መሥራት ነው፡፡ ፋብሪካው ጠርዙን የሚሰፋው አጥፎና ደርቦ ነው፡፡ የወንበር መሃል ላይ የሚታጠፍ ትርፍ የለም፡፡

‹‹ታዲያ ምን ይሻላል?››

‹‹ባጃጅ ወንበር የሚያለብስ ሰው አውቃለሁ›› አለን፡፡

ይኼ ጠጥቷል

ቀኑ የመመለሻችን ቀን ነበር፡፡ መሥሪያ ቤት ደወልን፡፡ ‹‹ወንበር እየጠገንን ነው፣ አንድ ቀን ይጨመርልን›› ያልናቸው አለቃ ምን እንዳሉን እዚህ መጻፍ አይገባም፡፡

ጋሼ ሌላ ጀልባ ለምነው ተሳፋሪያቸውን ይዘው ሄዱ፡፡ እኛ ከልጁ ጋር የወንበሩን ብሎኖች ፈትተን፣ ባጃጅ ላይ ጭነን ወደ ባለሙያው ሄድን፡፡ ሰውዬው መጀመሪያ ያደረገው ነገር ቀዳዳዋን መንካት አልነበረም፡፡ አፍንጫውን አስጠግቶ አሸተተ፡፡ ከዚያ ሶፍት አጥፎ ላይዋ ላይ አድርጎ በመዳፉ ተጫነ፡፡ ሶፍቱ ረጠበ፡፡

‹‹ይኼ ጠጥቷል›› አለ፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ሰው ሲቀመጥ ስፖንጁ ይጨመቃል፣ አየሩ በቀዳዳዋ ይወጣል፡፡ ሰው ሲነሳ ስፖንጁ ተመልሶ ሲነፋ አየር ይስባል፤ ላዩ ላይ ውሃ ካለ ውሃውን አብሮ ይስባል፡፡ ጀልባ ላይ ደግሞ ውሃ የማይጠፋ ነገር ነው፡፡ በእያንዳንዱ ቁጭ ብድግ ትንሽ ትንሽ ይገባል፡፡ የገባው ግን አይወጣም፣ ምክንያቱም ውሃ እንዳያስገባ የተሠራ ልባስ ውሃ አያስወጣም፡፡ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይሻግታል፣ ይሸታል፡፡ ከሥር ያለው ኮምፔርሳቶ ያብጣል፣ ይበሰብሳል፤ ብሎኑም የሚይዘው እንጨት ያጣል፡፡ አንድ ቀን ወንበሩ ሰው እንደያዘ ይነቀላል፡፡ ያኔ የሚጠየቀው ማን ይመስላችኋል? መልሕቅ የሚያነሳው ልጅ፡፡

ባለሙያው የእኛን ሱፐር ግሉ አይቶ ‹‹ይኼስ ቢይዝ ኖሮ ነበር ጉዱ›› አለን፡፡ እርጥብ ስፖንጅ ላይ የተዘጋ ቀዳዳ ከተከፈተው ይብሳል፤ ከላይ ዳነ ይባላል፣ ከሥር ይበሰብሳል፡፡ እኛም ያን ጊዜ ተያየን፡፡ የአምስት ደቂቃ ጥገናችን ሌላ ጃኬት ነበር፡፡ ‹‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም›› የሚሉት አባቶቻችን ስለ ወንበር ባያስቡም ወንበሩን አልሳቱትም፡፡

አሠራሩ

ከዚህ በታች ያለውን ቤታችሁ የተቀደደ ሶፋ ያላችሁ ልብ ብላችሁ አንብቡት፡፡ እኛ በውርደት የተማርነውን እናንተ በነጻ ውሰዱ፡፡

ባለሙያው ወንበሩን ገለበጠው፡፡ ከሥር ልባሱን ከእንጨቱ ጋር የያዙትን የስቴፕለር ሽቦዎች በጠፍጣፋ ካቻቢቴ እያነሳ በፒንሳ ነቀለ፤ በአንድ ጎን ብቻ፡፡ ልባሱን ገለጠና ስፖንጁን አወጣ፡፡ ስፖንጁን ጨመቅነው፣ ጥላ ሥር ነፋስ እንዲያገኘው አቆምነው፡፡ ‹‹ፀሐይ ላይ እናድርገው ይፍጠን›› ብንል ‹‹ስፖንጅ ፀሐይ አይወድም፣ ይፈረፈራል›› አለን፡፡ ልጁም ‹‹ታንኳም ውሃ ሲጠጣ ከሐይቁ አውጥተው ያቆሙታል›› አለ፡፡ ከደንገል የሚሠራውን የጣና ታንኳ ማለቱ ነው፡፡ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ በየጊዜው ወጥቶ ካልደረቀ አያገለግልም፡፡ ማድረቅ የጥገናው መዘግየት ሳይሆን የጥገናው መጀመሪያ እንደሆነ በሐይቁ ዳር ያደገ ሰው ያውቀዋል፡፡

እስኪደርቅ ልባሱን አጸዳን፡፡ ለስላሳ ብሩሽ፣ ሳሙናና ውሃ፤ ከዚያ በጨርቅ ነካ የተደረገ አልኮል፣ ቅባቱን እንዲያነሳ፡፡ በረኪና የለም፤ ክሩን ያደክማል፡፡ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የለም፤ ቪኒሉን ያሟሟዋል፡፡ ቤንዚንም የለም፡፡ የደረቀውን ሱፐር ግሉ ባለሙያው በስለት ጫፍ እየቆረጠ አነሳው፡፡ ይህን ሲያደርግ ቀዳዳዋ ትንሽ ሰፋች፡፡ በችኮላ የተሠራን ነገር ለማፍረስ ከጤነኛው ላይ ጭምር እንደሚቆረጥ አየን፡፡

ቀጥሎ መጣፊያ፡፡ ከመካከላችን አንዱ ከአሮጌ ጂንሱ ቆርጦ ሊሰጥ ተነሳ፡፡ ባለሙያው ሳቀ፡፡ ‹‹ጥጥ ውሃ ይጠጣል፣ ይበሰብሳል፡፡›› ከትራፊዎቹ መካከል በጀርባው ፖሊስተር ጨርቅ ያለው የቪኒል ቁራጭ መረጠ፡፡ ከቀዳዳዋ በሁሉም አቅጣጫ ሁለት ሴንቲ ሜትር እንዲበልጥ አድርጎ ቆረጠውና አራቱን ማዕዘን አከበበው፡፡ ሹል ማዕዘን ሲለጠጥ ቀድሞ የሚላቀቀው እሱ ነው፡፡

መጣፊያው የሚገባው ከውስጥ በኩል ነው፡፡ ጨርቅ ከጨርቅ ጋር እንዲገጥም አድርጎ ሁለቱንም ማስቲሽ ቀባቸው፡፡ እኛ ወዲያው ልናጣብቅ ስንሽቀዳደም እጃችንን መታን፡፡ ማስቲሽ ተቀብቶ ይጠበቃል፤ በጣት ሲነኩት የማይነሳ ሲሆን ነው የሚገጠመው፡፡ አንዴ ከገጠመ ደግሞ ማስተካከል የለም፡፡ ‹‹በፊቱ በኩል ማስቲሽ አላደርግም፣ የቪኒሉ ዘይት ይበላዋል›› አለን፡፡ በላይ በኩል የቀዳዳዋን ሁለት ጠርዞች አፋቸውን አገናኝቶ፣ ሲደርቅ እንደ ላስቲክ የሚተጣጠፍ የቪኒል ማጣበቂያ በስሱ አስገባ፡፡ ጠብቆ ሁለተኛ ደገመ፡፡ በላዩ ፌስታል አደረገ፤ ማጣበቂያ ፌስታል ላይ አይዝም፡፡ በፌስታሉ ላይ ጣውላ፣ በጣውላው ላይ ሁለት ጡብ፡፡

‹‹መቼ እንምጣ?››

‹‹ነገ በዚህ ሰዓት፡፡ እስከዚያ ማንም አይነካውም፡፡››

ሃያ አራት ሰዓት ማለት ነው፡፡

ሙጫ ሲፈልግ ያገኘው

እየጠበቅን ሳለ ‹የቪኒሉ ዘይት› የሚባለው ነገር ከነከነንና በስልካችን ማንበብ ጀመርን፡፡ ያገኘነው ደስ ይላል፡፡

ቪኒል በሙሉ ስሙ ፖሊቪኒል ክሎራይድ፣ በአጭሩ ፒቪሲ ነው፡፡ አዎ፣ ያው የውሃ ቧንቧ የሚሠራበት፡፡ በተፈጥሮው ደረቅና ግትር ነው፡፡ በ1926 እ.ኤ.አ. ቢ.ኤፍ. ጉድሪች በተባለው የአሜሪካ የጎማ ኩባንያ ይሠራ የነበረ ዋልዶ ሲመን የተባለ ኬሚስት ጎማን ከብረት ጋር የሚያጣብቅ ነገር ሲፈልግ፣ ይህንን ግትር ነገር ከሚያለሰልስ ፈሳሽ ጋር አሙቆ ቢያዋሕደው የሚለጠጥና የሚተጣጠፍ ሆኖ አገኘው፡፡ ሰውዬው ሙጫ ፈልጎ ነው ቪኒልን ያለሰለሰው! እኛ ደግሞ ከዘጠና ዓመት በኋላ ለዚያው ቪኒል ሙጫ ፍለጋ ባሕር ዳር ውስጥ እንንከራተታለን፡፡

ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፡፡ ቪኒል ለስላሳ የሆነው በውስጡ ባለው ማለስለሻ ነው፡፡ ማለስለሻው ደግሞ ለዘላለም አይኖርም፡፡ ሙቀትና ፀሐይ ቀስ በቀስ ያወጡታል፡፡ ቤንዚንና ናፍጣ ጨርሰው ያጥቡታል፡፡ ሲያልቅ ቪኒሉ ወደ ቧንቧነቱ ይመለሳል፤ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፡፡ ጣና ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፡፡ ከፍታ በጨመረ ቁጥር የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር ይበረታል፡፡ ስለዚህ የጀልባ ወንበር ጠላቱ ብረታችን ብቻ አልነበረም፡፡ ሲቆም ሸራ ካላለበሱት፣ በንጹሕ ውሃ አጥበው ካልወለወሉት ማንም ሳይነካው ራሱ ይቀደዳል፡፡

ይህችን እውቀት ይዘን ‹‹እንግዲህ ወንበሩም አርጅቶ ነበር›› ለማለት ዳድቶን ነበር፡፡ ልጁ አጠገባችን ስለነበር ዋጥናት፡፡

ሃያ አራት ሰዓት

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከልጁ ጋር ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ዋልን፡፡ ለጋሼ ነግረናቸዋል፣ ለእሱ ግን ‹‹እኛ ነን›› ከማለት በቀር በቅጡ አልተነጋገርንም፡፡ ባለ ጀልባውን ይቅርታ መጠየቅ ቀሎን ነበር፤ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ይቆጣሉ፣ ያበቃል፡፡ በዕድሜ የሚያንሰንን፣ ጉርሻ ሰጥተን ያመሰገነንን ልጅ ዓይን ማየት ግን ከበደን፡፡

በመጨረሻ ‹‹ይቅርታ›› አልነው፡፡

ድንጋይ ወደ ውሃው ወረወረና እንዲህ አለን፤ ‹‹ትናንት ጠዋት ከምትነግሩኝ ከትናንት ወዲያ ማታ ብትነግሩኝ ኖሮ ተኝቼ ባደርሁ፡፡››

ይኼው ነው፡፡ አልተቆጣም፣ አላለቀሰም፡፡ የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ሂሳብ ብቻ ነው የነገረን፡፡ እኛ ዓሣ በልተን የተኛንባት ሌሊት መሆኗ ነው፡፡ ያቺን ሌሊት በምን እንደምንመልስለት እስካሁን አናውቅም፡፡ ወንበር ይጣፋል፤ ሌሊት አይጣፍም፡፡

አመሻሹ ላይ ጋሼ ከጉዞ ተመልሰው አጠገባችን ተቀመጡ፡፡ ወደ ሐይቁ እያዩ ስለ እምቦጭ አነሱ፡፡ ጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. ገደማ መታየት የጀመረው ያ አረም መጀመሪያ ዳር ላይ የታየ ትንሽ ነገር ነበር፡፡ አበባው እንደሚያምር የተናገረ ሰው እንኳ አልጠፋም አሉን፡፡ በኋላ ግን ገበሬው ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል፣ ማሽን ሲገዛለት፣ መዋጮ ሲሰበሰብለት አገር አየ፡፡ ‹‹ትንሽ ናት የሚሉት ነገር እኮ ነው›› አሉ ጋሼ፡፡ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም፡፡ እኛም እንዲጨርሱት አልጠየቅናቸውም፡፡ ‹‹ሳይቃጠል በቅጠል›› ስንል የኖርነው ተረት ነው ብለን ነበር፤ ለካስ መመሪያ ኖሯል፡፡

ጠባሳው

በአራተኛው ቀን ባለሙያው ጡቡን አነሳ፣ ጣውላውን አነሳ፣ ፌስታሉን ላጠ፡፡ መስመሯ ትታያለች፡፡ ቀለሟም ከወንበሩ ትንሽ ትፈዝዛለች፡፡ ‹‹አትጠፋም እንዴ?›› አልነው፡፡ ‹‹አትከፈትም ወይ በሉኝ እንጂ›› አለን፡፡ በሁለት አውራ ጣቱ ግራና ቀኝ ለጠጣት፤ አብራ ተለጠጠች፣ አብራ ተመለሰች፡፡ የደረቀውን ስፖንጅ መልሶ፣ ልባሱን ወጥሮ፣ ከሥር በአዲስ ሽቦ ያዘው፡፡

ወንበሩን ወስደን በብሎኑ አሰርነው፡፡ ጋሼ ልጁን ‹‹በል ተቀመጥበት›› አሉት፡፡ ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ እንደገና ቁጭ አለ፡፡ ምንም ድምፅ የለም፡፡ ሶፍት አጥፎ ተጫነባት፣ ደረቅ ነው፡፡ ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀልን፡፡

አዲስ አበባ እንደገባን መጀመሪያ ያደረግነው ለካሜራ ማቆሚያው ጎማ መግዛት ነበር፡፡ የማኪያቶ ዋጋ አላወጣብንም፡፡ ስድስት ወር ሙሉ ‹‹አንድ ቀን›› ስንልላት የነበረችው ጎማ ይቺ ናት፡፡

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሆነ፡፡ በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ መጣና ቱሪስት ቆመ፡፡ በ2013 የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በዚያው በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ተከተለ፡፡ የእኛ የወንበር ወሬ በዚህ ሁሉ መሃል ምን ያህል ትንሽ እንደሆነች እናውቃለን፡፡ ቢሆንም ለበዓል ለጋሼ መደወል አልተውንም፡፡ ባለፈው ፋሲካም ደወልን፡፡ ከእንኳን አደረሳችሁ በኋላ እንደ ልማዳችን ‹‹ጥገናችን እንዴት ነው?›› አልናቸው፡፡

‹‹መጣፊያችሁማ አለ›› አሉን፡፡ ‹‹የሚቀመጥበት ሰው ነው እንጂ የጠፋ፡፡››

ምን እንደምንል ጠፋብን፡፡ ‹‹ጋሼ፣ ፀሐዩ እንዳይጎዳው ሸራ ያልብሱት›› አልናቸው፣ ሌላ የምንለው ስላልነበረን፡፡

‹‹አልብሰነዋል›› አሉ፡፡ ‹‹ሰው ሲመጣ እንገልጠዋለን፡፡››